የአሥራ አራቱ ሰዎች ሾርባ

እንቅልፍማ የት አባቱ! ደዮሊንዳ ሌሊቱን እንደ ቂጣ ስትገላበጥ አድራ፣ መስኮቱ ገና ሳይነጣ ብድግ ብላ፣ በሌሊት ልብሷ ላይ ሽርጥ አስራ፣ ትልቁን ድስት ጥዳ ከጎኑ ቆማለች፤ ልጅቷ ዛሬ ትመጣለች፣ ዛሬ እኮ ነው፣ ነገ አይደለም፣ ኢዳሊና፣ የታላቅ እህቷ የናታሊያ ልጅ፣ ከትውልድ ደሴታቸው ከሳኦ ሚጌል ውቅያኖስ ተሻግራ፣ ያቺ አፍንጫዋ የሚዝረበረብ የሦስት ዓመት ኮልታፋ አሁን ሃያ አራት ሞልቷት፣ ነርስ ተብላ፣ የራሷን ሻንጣ በራሷ እጅ እየጎተተች፣ ኧረ እልል በሉ! ግን በቤቱ ውስጥ እልል የሚል ሰው የለም። ያለው ድስቱ ነው፤ እሱም ገና አልፈላም። «ፍላ እንጂ አንተ!» አለችው ደዮሊንዳ ክዳኑን በማማሰያ መታ አድርጋ። «ቤት ሙሉ ሰው እንደበላብህ ሆነህ ፍላ!»

ድስቱ ውስጥ ያለው የትናንቱ የምስጋና በዓል ተርኪ አጥንት ነው። ተርኪ ስል ተራ ዶሮ እንዳይመስላችሁ፤ አሥር ኪሎ የሚመዝን፣ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ደረጃ የሚወጡት ጉድ ነው። ደዮሊንዳ የምትሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት በየዓመቱ ለያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ያድላል፤ እሷም በየዓመቱ እንዳለ ለቤተ ክርስቲያን ትሰጥና ለራሷ አንድ ቅልጥም ገዝታ፣ ጠብሳ ቆማ ትበላለች፤ መቀመጥ ለምን ያስፈልጋል፣ ለአንድ ቅልጥም? ዘንድሮ ግን ጠበሰችው። ሙሉውን። ለብቻዋ። የጭስ መጠቆሚያው እንዳይጮህባት የገላ መታጠቢያ ቆብ አልብሳው፣ ሥጋው ላይ ተሰክቶ ሲበስል ብቅ የሚለውን ቀይ ቁልፍ በምድጃው መስታወት እያየች፣ ጠበሰችው፤ ከዚያም እንደ ሌባ መጋረጃውን ዘግታ ሥጋውን ከአጥንቱ ገፍፋ፣ በስምንት ፌስታል ቋጥራ ፍሪዘሩ ውስጥ ከአተሩ ሥር ቀበረችው። ለምን ቢሉ ማስረጃ ያስፈልጋታላ! አሥራ አራት ሰው የበላበት ቤት ምን ይመስላል? አጥንት ይኖረዋል። አሥራ አራት ሳህን ይኖረዋል። እሷ ያላት አራት ስለሆነ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አሥር አምጥታ፣ አንዱ አበባ፣ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ የሰው አገር ንግሥት ያለበት፣ ሁሉንም አጥባ መደርደሪያው ላይ አቆመቻቸው። ሦስቱን ብርጭቆ ግን አላጠበችም፤ የከንፈር ቀለም ተቀብታ አፏን አሳረፈችባቸውና እንዳሉ ተወቻቸው። እዚህ ላይ በራሷ ብልጠት ተገርማ ለብቻዋ አጨብጭባለች። የሁሉም ዘውድ ደግሞ ሾርባው ነው፤ የተረፈ አጥንት ሾርባ ያለው ድግስ የነበረበት ቤት ብቻ ነዋ! ኢዳሊና ትገባለች፣ ሽታው ይቀበላታል፣ «ውይ የኔ ልጅ፣ በአንድ ቀን አመለጡሽ፣ ትናንት ቤቱ ሙሉ ነበር፣ ይኸው የተረፈውን እየቀቀልኩ ነው» ትላታለች። ልጅቷም ያየችውን ለእናቷ ትነግራለች። አለቀ!

ካላመነችስ? እሱን አታስቢው፣ ካሮቱን ላጪ።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት ነው። እዚህ ሉዊስተን ከተማ ያመጣት የአክስቷ ልጅ የጫማ ፋብሪካው ሲዘጋ ጓዙን ጠቅልሎ ካሊፎርኒያ ገባ፤ እሷ ቀረች። የመጀመሪያው የምስጋና ቀን ነው፣ በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ናታሊያ ናት፣ ታለቅሳለች፣ «ብቻሽን ነሽ አይደል? እውነቱን ንገሪኝ፣ ብቻሽን ነሽ።» እናታቸው ያኔ አልጋ ይዛለች፤ ናታሊያ እናቷን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ታዲያ በዚህ ሁሉ ላይ የኔን እንባ ልጫንባት? አለች ደዮሊንዳ በሆዷ፣ አፏም ሳታዘው «ምን ብቻዬን! አሥራ አራት ሆነን ማዕድ ቀርበናል!» ብሎ አረፈው። አሥራ አራት! ከየት አመጣው? አምስት ቢል ምን ነበረበት? «ታዲያ ለምን ጭር አለ?» ትላለች ናታሊያ። ደዮሊንዳ ዘልላ ቴሌቪዥኑን ትከፍተዋለች፤ በዚያ ቀን ሁሌም ኳስ አለ፣ ሰባ ሺህ ሰው በአንድ ጉሮሮ ይጮሃል። «ሰማሽልኝ ሲንጫጩ?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የሷ ግን እያደር ከበደ፤ ምክንያቱም አሥራ አራት ሰው ስም ይፈልጋል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ያገባል፣ ይታመማል። ማርጋሬት አለች፣ ከንፈሯን ደማቅ አድርጋ የምትቀባ። ሃሮልድ አለ፣ ቀልደኛው ሽማግሌ። በየዓመቱ ናታሊያ በስም በስም ትጠይቃለች፣ በየዓመቱ ደዮሊንዳ ሳቁን በሳቅ እየጨመረች ታወራለች፣ ቴሌቪዥኑም እህቷ በምን ሰዓት እንደምትደውል ስለማይታወቅ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል። በሦስተኛው ዓመት እናታቸው ሞተች። ያ ውሸት አልነበረም። የደዮሊንዳ የመኖሪያ ወረቀት ገና ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፤ «ከወጣሽ አትመለሺም» አሏት፤ አልሄደችም፤ ወረቀቱ አልቆ በፖስታ የመጣ ቀን ፖስታውን ሳትከፍት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላስ በምን ፊቷ ትሂድ? በሰባተኛው ዓመት ደግሞ ደክሟት ሳለ «ሃሮልድስ እንዴት ነው?» ስትባል «ሞተ» አለች፤ እንዲሁ፣ ሌላ መልስ መፈለግ ታክቷት። ናታሊያ ስልኩ ላይ ተንሰቀሰቀች። በሳምንቱም «ቅዳሴ አስቀደስኩለት» ብላ ደወለች። እኔን ይድፋኝ! ላልነበረ ሰው ቅዳሴ፣ ለነበረች እናቴ ግን እኔ የለሁም። ደዮሊንዳ ይህ ትዝ ባላት ቁጥር አንድ ነገር ትልጣለች፤ አሁንም ስድስት ካሮት ልጣ ጨርሳ ሰባተኛውን እያመነመነችው ነው።

ድስቱ ፈላ! በስተመጨረሻ! ሽንኩርቱ ከነልጣጩ፣ ሰለሪው ከነቅጠሉ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ሁሉም ይገለባበጣል፣ ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶ በበሩ ሥር ይወጣል፣ እሷ እየዘፈነች ጎመኑን ትከትፋለች፣ ድንቹን ትቆርጣለች፣ ቋሊማውን ታሸታለች፤ በነሱ አገር ጎመን፣ ድንችና ቀይ ቋሊማ የሌለበት ሾርባ ሾርባ አይባልም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አላስችል ብሏት አየር መንገዱ ዘንድ ደወለች። የሚያነሳው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። «ስለ በረራ ለማወቅ ከፈለጉ አዎ ይበሉ።» «አዎ!» «ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም።» «አዎ አልኩሽ እኮ እናቴ፣ ስንቴ ልበል!» «ወደ ዋናው ዝርዝር እንመለሳለን።» ተመለሱ። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ አጣብቃ አምስት ጊዜ ተመላለሱ። በስድስተኛው ያቺ ማሽን በቀዝቃዛ ድምፅዋ «ከፖንታ ዴልጋዳ የተነሳው በረራ ቦስተን አርፏል» አለች።

የደሴታቸው አውሮፕላን አርፏል! እዚሁ ምድር ላይ ናት! ከቦስተን አውቶቡስ፣ ከዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ! ደዮሊንዳ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውራ፣ ሁለት ጊዜ ዞራ፣ ይኼን መረቅ አጥልዬ አትክልቱን ልጨምር ብላ፣ ማጥለያውን የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አስቀምጣ፣ ድስቱን በሁለት ጨርቅ ይዛ ብድግ አድርጋ ገለበጠችው። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ለስምንት መቶ ተማሪ ማካሮኒ ያጠለለ እጅ ነዋ፤ እጅ የለመደውን አደረገ። እንፋሎቱ ሲገፈፍ አጥንቱ ማጥለያው ላይ ተኮፍሶ ያያታል። ከሥሩ ሌላ ድስት የለም። የስድስት ሰዓት መረቅ ጉልልልል እያለ በቧንቧው ወረደ፤ የሉዊስተን አይጥ ሁሉ ድግስ ገባ።

የፈሰሰ አይታፈስም ይባላል፤ እሷ ግን ማንኪያ ይዛ ሞከረች። ሁለት ማንኪያ አገኘች።

እንደገና ውኃ ጨምራ ያንኑ አጥንት ብትቀቅለው የሳህን እጣቢ ሆነ። የቀበረችው ሥጋ ድንጋይ ሆኗል። ገበያ እንዳትሄድ መኪና የላት፣ ደግሞ ዛሬ የታላቁ ቅናሽ አርብ ነው፣ የአገሩ ሰው ግማሹ ሱቅ በር ላይ ይጋፋል። እና ምን ልትላት ነው? ውይ የኔ ልጅ፣ አሥራ አራት ሰው በላ፣ ይኸውልሽ እጣቢው? ዛሬ ማታ ኢዳሊና በዚያ ጠረጴዛ ፊት ትቆማለች፣ ታያለች፣ ለእናቷ ትደውላለች፣ ናታሊያም ሃያ አንድ ዓመት የሳቀችውን ሁሉ መልሳ ታለቅሰዋለች። አጥንት! አጥንት አጥንት አጥንት! አለችና በድንገት ቀጥ ብላ ቆመች። ዛሬ እኮ በዚህ አገር አጥንት የሌለበት ፍሪጅ የለም! ሁሉም ቤት አለ፣ በፎይል ተጠቅልሎ፤ ለመጣል ያሳዝናቸዋል፣ ለመቀቀል ይታክታቸዋል፣ እሑድ ሲደርስ ፊታቸውን አዙረው ይጥሉታል። የሚያስፈልገው በር ማንኳኳት ብቻ ነው።

በር ማንኳኳት ብቻ! ይኼን ያለችው በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ በዚህ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት የማንንም በር አንኳኩታ የማታውቅ ሴት ናት። የሌለ ሰው ስሙን ይዛ ስትኖር ያለውን ሰው በጨረፍታ ሰላም ብላ አልፋለች። ግን ደስታ የማያስደፍረው የለም፤ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ ታች ወረደች።

ከታች የሚኖሩት ሚስተር ቲቦ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ባለቤታቸው ሎሬን ከሞተች ሦስት ዓመቷ። በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ደዮሊንዳ! ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«ኧረ ምን ዓይነት ሟርት ነው ሚስተር ቲቦ!»

«ታዲያ አንቺ በሬን ስታንኳኪ ምን ልበል? ከእሳት ያነሰ አያመጣሽም።»

«አጥንት ፈልጌ ነው።»

«ምን?»

«የተርኪ አጥንት። ካለዎት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ። «ያ ሁሉ ሰው አጥንት እንኳ አላስተረፈልሽም?»

«የቱ ሰው?»

«እንግዶችሽ ናቸዋ! በየዓመቱ ኮርኒሴ ላይ ሲጮሁ የሚውሉት! ዘንድሮ ግን ጸጥ አሉ፣ ትናንት ጆሮዬን ብቀስር ምንም የለም፤ ምነው፣ ተጣላችሁ?»

ትናንት! ትናንት ቴሌቪዥኑን አልከፈተችም፤ ናታሊያ የልጄን ሻንጣ ሳስር ስለምውል አልደውልም ብላታለችማ።

«ሎሬን ነፍሷን ይማረውና፣» አሉ ሚስተር ቲቦ በሩን ተደግፈው፣ «በየዓመቱ 'ሬይመንድ፣ ያቺን የላይኛዋን ሴት ጠርተን አብራን ትብላ' ትላለች። ኮቴን ለብሼ ደረጃው መሐል እደርሳለሁ፤ የሰው ጩኸት፣ ሳቅ፣ ጭብጨባ! ተመልሼ 'ተያት፣ ቤቷ ሙሉ ነው፣ እኛን ምን ታደርገናለች' እላታለሁ። ሲገቡ እንኳ አይተን አናውቅም፣ በጓሮው ደረጃ ይሆናል እንላለን። እሷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ወንበሬን ከሥራችሁ አስጠግቼ አዳምጣችኋለሁ።»

ደዮሊንዳ ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ውሸቷ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ውሻ በሯ ላይ ተኝቶ ሰው ሲያባርርባት ኖሯል! እሷ ከላይ ቆማ ቅልጥም ስትግጥ፣ ሎሬን ከታች ሳህን ጨምራ ስታስቀምጥ፣ ከዚያ መልሳ ስታነሳ! ማልቀስ ነበረባት፤ አፏ ግን ዛሬም ሳታዘው እውነቱን ዘረገፈው፣ ኳሱን፣ አሥራ አራቱን፣ ማርጋሬትን፣ የሃሮልድን ቅዳሴ፣ በፍሪዘር የተቀበረውን ሥጋ፣ በቧንቧ የወረደውን መረቅ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

የሚስተር ቲቦ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «በቴሌቪዥን ነው የቀናሁት?» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ? በቴሌቪዥን!» ሳቁ እስኪያስላቸው፣ እስኪያስነባቸው፤ እሷም አብራ ወለሉን እየመታች ሳቀች። «እኔ ከታች ብቻዬን፣ አንቺ ከላይ ብቻሽን፣ መሐላችን አንዲት ጣውላ! ነይ ግቢ፣ ነይ እይው የኔን ጉድ!» ብለው ፍሪዘራቸውን ከፈቱት። ውስጡ ሦስት ትልልቅ የፎይል ጥቅል። «ልጄ በየዓመቱ ለአባባ ብላ አጥንቱን ጠቅልላ ትልክልኛለች፣ እናቷ ትቀቅለው ስለነበር። እናቷ የለችም፤ ልጅቷን እምቢ እንዳልላት ይጨንቀኛል። መጣል አልሆነልኝም፣ መቀቀል አላውቅም።»

«የሦስት ዓመት አጥንት!»

«የዘንድሮውን ውሰጂ፣ እነዚያን አሁን እጥላቸዋለሁ። ግን አጥንቴ ብቻውን ከቤት አይወጣም፤ አብሬው ነኝ።»

ጩኸታቸውን የሰማችው ቻንቱ፣ የሦስተኛ ፎቋ፣ በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች ወርዳለች። ከካምቦዲያ የመጣች፣ ባልና ልጅ ያላት፣ ከአማቷ ጋር የምትኖር ልጅ እግር ሴት ናት። «እትዬ! ሰው ወደቀ?»

«ማንም አልወደቀም፣ ተርኪ አለሽ?» አሏት ሚስተር ቲቦ።

«አጥንቱ? ኧረ ኑልኝ ውሰዱልኝ! አማቴ ይኼን የሚጥል እጁ ይቆረጥ ብላ ከጠዋት ጀምሮ ከፍሪጁ ፊት አልነቃነቅም ብላለች።»

«ከሷ ጋር አምጪያ!»

በግማሽ ሰዓት ውስጥ የደዮሊንዳ ወጥ ቤት፣ ያ አንድ ሰው ቆሞ የሚበላበት ወጥ ቤት፣ መላወሻ ጠፋ። አማቲቱ ከዚህ አገር ቋንቋ አንድ ቃል አትናገርም፣ ግን ማንም ትእዛዟን ያልገባው የለም፤ ዝንጅብሉን በቢላ ጀርባ ትከሰክሳለች፣ ሽንኩርቱን በቀጥታ እሳቱ ላይ አስቀምጣ ታጠቁረዋለች፣ ደዮሊንዳን በክርኗ ገፋ ታደርጋታለች። «ሎሬን ገብስ ነበር የምትጨምረው» ይላሉ ሚስተር ቲቦ። «እኛ ሩዝ ነው» ትላለች ቻንቱ። «በኔ ቤት ጎመንና ቋሊማ የሌለበት ሾርባ አይወጣም!» ትላለች ደዮሊንዳ፣ በኔ ቤት! ምን ዓይነት ቃል ነው፣ ስትለው አፏ ላይ ጣፈጣት። መረቁ ሲጠለል ሁሉም እንዲገባ ተወሰነ። ገብሱም፣ ሩዙም። ሚስተር ቲቦ ካሮት እየቆረጡ ብርጭቆ አንስተው በመስኮቱ ብርሃን ያያሉ።

«ይኼ ከንፈር የማን ነው?»

«የማርጋሬት።»

«የሌለች ሴት እንዴት ያለ ከንፈር አላት እባክሽ!»

«አያጥቡት፣ እሱ ማስረጃ ነው!» ትላለች ደዮሊንዳ፣ ከዚያ የምን ማስረጃ ትላለች በሆዷ፣ ቤቱ ሞልቶ! ግን ወዲያው ደግሞ፣ እነዚህ አሥር እንኳ አይሞሉም፣ ኢዳሊና አሥራ አራቱ የት አሉ ብትልስ? የከንፈሩን ብርጭቆ ለማንኛውም ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። አሥር ሰዓት ላይ መረቁ ወርቅ መሰለ። ደዮሊንዳ ጨርቅ ይዛ ድስቱን ብድግ ስታደርግ ቻንቱ፣ ሚስተር ቲቦ፣ የቻንቱ ትንሽ ሴት ልጅ፣ ቋንቋ የማትችለው አማት ሳትቀር በየአፋቸው ጮሁ፦ «ድስት! ከሥሩ ድስት!»

ከሥሩ ሁለት ድስት አደረጉ።

አሥራ አንድ ሊሆን ሲል ሚስተር ቲቦ ኮታቸውን ለበሱ። «ሠላሳ ዓመት የነዳሁበት ጣቢያ ነው፣ እኔ አመጣታለሁ፤ አንቺ ከድስቱ አትራቂ፣ አንቺ አትታመኚም» ብለው ስሟን በካርቶን ጽፈው ወጡ። ደዮሊንዳ የሌሊት ልብሷን አውልቃ ቀሚስ ለበሰች፣ አወለቀች፣ ሌላ ለበሰች። ጠረጴዛው አልበቃ ብሎ የቻንቱ ባል ከላይ የራሳቸውን ተሸክሞ መጣ፤ ሁለቱ ጠረጴዛ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ በአንድ አንሶላ ተሸፈነ፤ የዶሮው ሳህን፣ የንግሥቲቱ ሳህን፣ ሁሉም ወረደ። በሩ ተንኳኳ። በሩ ራሱ ተከፈተ። የናታሊያ አፍንጫ፣ የናታሊያ ግንባር፣ በረዶ ያዘለ ፀጉር፣ «አክስቴ!» ኧረ ምን ልበላችሁ፣ ተላቀሱ፣ ተገላበጡ፣ ተሳሳሙ፣ ሻንጣው እግራቸው መሐል ወደቀ፣ ከውስጡ የተጠቀለለ አይብ ተንከባለለ፣ የቻንቱ ልጅ ተከትላ ያዘችው። ከዚያ ኢዳሊና ቀና ብላ ጠረጴዛውን አየች፤ ሽማግሌውን፣ አማቲቱን፣ ባልየውን፣ እንፋሎቱን። አፏን ከፍታ ቀረች።

«ደክሟታል፣» አለች ደዮሊንዳ ወንበር እየሳበች፣ «ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ የኔ ልጅ፣ ሾርባ አለ።»

ሾርባው ውስጥ ምን ምን አለ? ዝንጅብል አለ፣ ጎመን አለ፣ የቋሊማው ቅባት ከላይ ቀይ ቀለበት ሠርቷል፣ ከሥር ገብሱ ያጋጥማል፤ የማንም አገር ሾርባ አይደለም፣ ሁሉም ግን «ይኼ የኛ ነው» እያለ ይጨቃጨቃል። ሚስተር ቲቦ ኢዳሊናን «የአክስትሽን ጓደኞች ማርጋሬትንና ሃሮልድን ታውቂያቸዋለሽ?» ሲሏት ደዮሊንዳ በጠረጴዛው ሥር ረገጠቻቸው፤ ባልየው በሳቅ ትን አለው፤ አማቲቱ ጀርባውን ትደበድባለች፤ ትንሿ ልጅ አይቡን በማንኪያ ትቆፍራለች። በዚህ ሁሉ መሐል ስልኩ ሲጮህ ማን ይሰማዋል? ስድስቴ ጮኸ። ሰባቴ። ኢዳሊና ናት «አክስቴ፣ ስልክ!» ያለችው።

ናታሊያ ናት። «ሊንዳ! ልጄ ደረሰች?»

«ደረሰች! እንዴት አድርገሽ ነው የወለድሻት፣ ቆንጆ!»

«ምን? አልሰማሁሽም። እስቲ ያንን ቴሌቪዥን ቀንሽው።»

ደዮሊንዳ ማንኪያዋን እንደያዘች ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። «ምን አልሽኝ?»

«ቴሌቪዥኑን አልኩሽ። ዛሬ እንኳ ልጅቷ አጠገብሽ አይደለች? ምን ያደርግልሻል? ሃያ አንድ ዓመት ታገስኩት፣ ዛሬ ድምፅሽን ልስማው።»

ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ነው። ጠፍቷል። የአማቲቱ ሹራብ ተደርቦበታል።

«ታውቂ ነበር?» አለች ደዮሊንዳ ቀስ ብላ።

«አንቺ ሞኝ፣ አሥራ አራት ሰው ባለበት ቤት ስልክ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ጥሪ ይነሳል? ከአጠገቡ ተቀምጣ የምትጠብቀው ናት እንጂ እንደዚያ የምታነሳው። አውቄ ዝም አልኩሽ። እናታችንን ትቼ ልምጣ አልልሽ፣ አንቺንም ሥራሽን ትተሽ ነይ አልልሽ። መሳቅሽ ይሻላል ብዬ አብሬሽ ሳቅሁ።»

«ለሃሮልድስ አስቀድሰሽ አልነበር?»

«ለቄሱ የነገርኳቸው ያንቺን ስም ነው። በሰው አገር ብቻዋን ለምትበላ እህቴ ብዬ።»

ደዮሊንዳ ስልኩን ይዛ ክንዷን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋች። ኢዳሊና የቴሌቪዥኑን ነገር ከእናቷ ሰምታ ኖሮ ገብቷታል፤ ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና «እማዬ፣ ቴሌቪዥኑ ዝግ ነው!» ብላ ጮኸች። «ሰዎች ናቸው! እውነተኛ ሰዎች ናቸው!» ምን እንደተባለ ያልገባቸው ሚስተር ቲቦ መጮህ መሆኑን ብቻ ዐውቀው «ኦሆይ!» አሉ፣ ቻንቱና ባሏ ተከተሉ፣ ትንሿ ልጅ ሳህኗን በማንኪያ ደለቀች፣ አማቲቱ ስልኩ ድረስ መጥታ በራሷ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናግራ ተመለሰች።

ደዮሊንዳ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰችው። ከዚያ ወገን የናታሊያ ትንፋሽ ተቆራረጠ።

«ለካ፣» አለች፣ «ስልኩን ያዘገየሽው ለዚህ ነው።»

«አልሰማሁትም እኮ እህቴ። ጫጫታ ነበር።»

«ስንት ናችሁ?»

ደዮሊንዳ በማንኪያዋ ጫፍ ከሚስተር ቲቦ ጀመረች፣ ቻንቱን፣ ባሏን፣ ልጇን፣ አማቷን ቆጠረች፣ ኢዳሊናን ቆጠረች፣ በመጨረሻ ማንኪያውን ወደ ራሷ ደረት አዞረች።

«ሰባት» አለች።

«ሰባት ደህና ነው። አሥራ አራቱ ሁሌም ለአንድ ተርኪ ይበዙብኝ ነበር። በይ ዝጊና ጨምሪላቸው፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ሁልጊዜ ስልኩን ቀድማ የምትዘጋው ናታሊያ ነበረች። በዚያ ቀን ቀድማ የዘጋችው ደዮሊንዳ ናት፤ ሚስተር ቲቦ ባዶ ሳህናቸውን ዘርግተው ይጠብቋታላ።